ቤተ መንግሥቱ ጸጥ እንዳይል
በሆሳዕና ከተማ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህች ከተማ ስም ልጀምር። ሆሳዕና የሚለው ቃል የበዓል ስም ሆኖ ስለለመድነው ለጆሯችን ለስላሳ ነው፤ ዘንባባ፣ ነጭ ልብስ፣ ልጆች በጣታቸው የሚያጠልቁት የዘንባባ ቀለበት ትዝ ይለናል። በዕብራይስጥ መነሻው ግን ቃሉ የጭንቅ ልመና ነው፤ «እባክህ፣ አሁን አድን» እንደ ማለት። በሮማውያን አገዛዝ ሥር የኖረ ሕዝብ ኢየሱስ ኢየሩሳሌም ሲገባ የጮኸው ጩኸት ነው። ያን ቀን ሕዝቡን ዝም አሰኝልን ብለው የጠየቁ የተከበሩ ሰዎች እንደነበሩ፣ የተሰጣቸውም መልስ «እነዚህ ዝም ቢሉ ድንጋዮች ይጮኻሉ» የሚል እንደነበረ ወንጌሉን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ ይህን ጩኸት ስም አድርጋ ያዘችው። ዛሬ በየመናኸሪያው የመኪና ረዳቶች «ሆሳዕና! ሆሳዕና!» ሲሉ፣ ሳይታወቃቸው «አድነን! አድነን!» እያሉ ሰው ይጭናሉ።

እንድናገርበት የተጠየቅሁት ነገር ከዚህ የራቀ ሊመስል ይችላል። በውጭው ዓለም «ሐርሽ ኖይዝ» የሚባል፣ በእኛ አፍ ሻካራ የጩኸት ሙዚቃ ልንለው የምንችል ጥበብ አለ። ዜማ የለውም። የሚጨበጨብለት ምት የለውም። ግጥም ቢኖረው እንኳ አይሰማም። ከሠሪዎቹ ብዙዎቹ ለምን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚሠሩ ሲጠየቁ ግፍን ያነሣሉ፤ ጦርነትን፣ ዘረኝነትን፣ የፋብሪካ ሕይወትን። ሀዲያና ከምባታ የመዘምራን አገር ነው፤ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር መዝሙር ያውቃል። እንዲህ ላደገ ሰው ይህ ሙዚቃ ስድብ ቢመስለው አልፈርድበትም። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ማጫወቻው የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰክቼዋለሁ።

አሠራሩ ግን እንግዳ አይደለም። ቅድም ይህ ማይክሮፎን ሲያፏጭ ሁላችሁም ጆሯችሁን ያዛችሁ። ማይኩ ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ፣ ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፤ ማጉያው እንደገና ያጎላዋል፤ ይወጣል፣ ይገባል፣ መጨረሻው ፉጨት ነው። ሳውንድ የሚቆጣጠረው ልጅ ሮጦ ቀነሰው። የኖይዝ ሙዚቀኛ በዚያ ልጅ ቦታ ቢሆን ኖሮ ይጨምረው ነበር። ሌላው መሣሪያው በሁለት የሬዲዮ ጣቢያዎች መካከል የምንሰማው ሽሽታ ነው፤ ሌላው ማጉያ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የሚያወጣው የተቀደደ ድምፅ ነው። እኛ ስንደብቀው የኖርነውን እነርሱ አደባባይ አወጡት። ጃፓናዊው ማሳሚ አኪታ «መርዝቦው» በሚል ስም ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን አሳትሟል። ለእንስሳት መብት የሚሟገት፣ ሥጋ የማይቀምስ ሰው ነው፤ የዓሣ ነባሪ አደንን የሚቃወም ሥራም አለው። በጎረቤታችን በኬንያ «ዱማ» የተባለ የናይሮቢ ሁለት ወጣቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው አልበም ከዚሁ ጎራ ነው።

በመንገዴ ላይ ለጤናችሁ አንድ ነገር ልበል። የሙያ ጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሱ የቀራችሁ 15 ደቂቃ ነው። ይህ ለኖይዝ ብቻ የተነገረ አይደለም። የሠርግ ድንኳንንም፣ ስፒከሩን በር ላይ ደቅኖ የሚውለውን የሙዚቃ ቤትም፣ የአምልኮ አዳራሻችንንም ይመለከታል።

አማርኛ ጩኸትን በየዓይነቱ ለይቶ ያውቃል። እልልታ አለ፣ ሆታ አለ፣ ፉከራ አለ፣ እሪታ አለ፣ ኡኡታ አለ። ኡኡታን ከሌሎቹ የሚለየው ሕግ ያለው መሆኑ ነው። ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ እሳት ይሁን፣ ሌባ ይሁን፣ የተጠለፈች ልጅ ትሁን ሳያጣራ ይሮጣል። ሰምቶ ያልወጣ ሰው በማግስቱ ቡና ላይ ቀና ብሎ አይቀመጥም። «ያገር ያለህ!» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የአንድን ሰው ስም ሳይሆን አገሩን ጠርቶ የሰማውን ሁሉ ባለዕዳ ያደርገዋል። በየቢሮው የምናስገባው ወረቀት እንኳ «አቤቱታ» የተባለው «አቤት!» ከሚለው ጩኸት ወጥቶ ነው። ዛሬ ቴምብር ይለጠፍበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፤ ድሮ የሚቀርበው በጉሮሮ ነበር።

በጉሮሮ እንዴት ይቀርብ እንደነበረ ከጻፉት ሁሉ የማልረሳው ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በወጣቱ ንጉሥ በዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አካባቢ ኖረ፤ መጽሐፉንም ከሃያ ዓመት በኋላ በአምስት ቅጽ አሳተመ። እርሱ እንደሚለው፣ የተበደለ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ በንጉሡ በርና መስኮት ሥር ቆሞ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ፣ ባለው ጉልበት ሁሉ ፍረዱልኝ እያለ ይጮኻል። የታወቀ የአቤቱታ መንገድ ነበር። ግን ክረምት ይመጣል። ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ባላገሩ ከተማ መግባት ያቅተዋል፣ ደጁም ጭር ይላል። ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የተበደሉ መስለው የሚጮኹ ሥራ ፈቶችን በደመወዝ ያቆማል። ለምን ቢባል ለንጉሡ ክብር ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ጸጥ ብሎ ንጉሡን ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው። ብሩስ ከአገሩ ልማድ ሁሉ አብዝቶ የሚጠላው ይህን ነበር። ንጉሡም መጥላቱን ስላወቀ ለጨዋታ ያህል ጯኺዎቹን ወደ እርሱ ቤት ይልክበት ነበር፤ ሰውዬው ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳለ በመቶ የሚቆጠር ሰው በሩ ላይ ዋይታውን ይለቀዋል።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቁ አልመጣልኝም። በበጋ የሚጮኸውና በክረምት የሚጮኸው ሰው ድምፃቸው አንድ ነው፤ ቃላቸውም አንድ ነው። አንዱን ያስጮኸው ግፍ ነው፣ ሌላውን ቀለብ። ከውስጥ ሆኖ ለሚሰማው ንጉሥ ሁለቱ አይለዩም። እንዲያውም የተቀጠረው ሳይሻለው አይቀርም፤ የተቀጠረው ፍርድ አይፈልግምና። ስለ ኖይዝ ሙዚቃ ባሰብሁ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያ ደጅ ነው። ግፍ ነው ያስጮኸኝ የሚለን ሙዚቀኛ የበጋ ጯኺ ነው ወይስ የክረምት?

የዚህ ጥበብ የልደት ታሪክ ራሱ ጥርጣሬዬን ያባብሰዋል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ሩሶሎ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣው ማኒፌስቶ የከተማና የፋብሪካ ጩኸት ሙዚቃ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ፤ የሚያጓሩና የሚያንቋርሩ ሣጥኖችም ሠራ። እስከዚህ ድረስ ደግ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌ ያመጣው የወዳጁን የፊሊፖ ማሪኔቲን የጦር ሜዳ ገለጻ ነው፤ መድፍና ጥይት እንደ ኦርኬስትራ። ማሪኔቲ «ፉቱሪስት» ነን የሚሉት ሠዓሊዎችና ደራሲዎች አለቃ ነበር። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን ስትወር፣ ይኸው ሰው ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በፈቃዱ ዘምቶ መጣ። ስለ ዘመቻውም የውዳሴ ግጥም ጻፈ። እርሱ ኦርኬስትራ ብሎ የሰማውን ድምፅ አያቶቻችን በየዋሻው ተጠግተው ሰሙት። ስለዚህ ጩኸት በተፈጥሮው የተበዳይ ወገን ነው የሚለኝን ሰው አላምነውም። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የአሜሪካ ጦር የፓናማውን ኖሬጋን ከተጠጋበት የቫቲካን ኤምባሲ ለማስወጣት ቀንና ሌሊት የሮክ ሙዚቃ ለቅቆበት ነበር። መሣሪያው ያው ነው፤ የጨበጠው እጅ ይለያያል።

ከእኛ ሙዚቀኞች ለዚህ ጥበብ የሚቀርበው ሰው ኖይዝ ለሚለው ቃል ደንታም አልነበረው። ጌታቸው መኩሪያ ይፋት ተወልዶ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የሙዚቃ ቡድን ገባ፤ ከዚያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫወተ። ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሽለላን ከአርበኛ ጉሮሮ አንሥቶ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ ይወጣና ሳክስፎኑን ያስጓራዋል። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ያልቃል ስትሉ እንደገና ይነሣል። የውጭ አገር ጸሐፊዎች ሲሰሙት አሜሪካዊውን አልበርት አይለርን የመሳሰሉ የፍሪ ጃዝ ሰዎች ትዝ ይሏቸዋል። ጌታቸው ግን የቀዳው ከቀረርቶ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 14ኛ ቅጽ ለእርሱ የተሰጠ ነው፤ አፈላልጋችሁ ስሙት።

አሁን ወደ ኔዘርላንድስ ልውሰዳችሁ። «ዘ ኤክስ» የሚባል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1979 በአምስተርዳም አካባቢ ተቋቋመ፤ ባዶ የተተዉ ሕንፃዎችን ይዘው «ቤት ለሚኖርበት ነው» ይሉ ከነበሩ ወጣቶች መካከል የወጣ ነው። ጊታራቸው ይፋጫል፤ አንዳንዴም እንደ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል። የሚዘፍኑት ስለ ግፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት አንድ ሥራ ስለ ስፔን አብዮት ነው። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አገራችን መጥተው ከተማ ለከተማ እየዞሩ ተጫወቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋበዙት። ሽማግሌው ሰማቸው። ከዚያም እነርሱ ሳይሆኑ እርሱ ጠየቃቸው፤ ከእናንተ ጋር ሸክላ ልሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 «ሞዓ አንበሳ» ወጣ። አብረው ብዙ አገር ዞሩ፤ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ።

ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሽለላ የግፍ እሮሮ አይደለም፤ ይህን መደባበቅ አይገባም። ሽለላ የባለ ጋሻ ነው፤ ጋሻ የሌለው ሰው ኡኡ ይላል እንጂ አይፎክርም። የጌታቸው ሳክስፎን የሚያጓራው በጀግና ኩራት ነው። ታዲያ ከጎኑ የቆሙት የእነዚያ ቤት አልባ ልጆች ጊታሮች ኡኡታውን ያመጡት ይመስለኛል፤ ፎካሪና ኡኡ ባይ በአንድ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። በእኛ ታሪክ እነዚህ ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ እንዲህ ሲቆሙ አይቼ አላውቅም።

ስለ ቆርቆሮ ካነሣን፣ በርሊን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተ «አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን» የሚባል ቡድን አለ፤ ስሙ የሚፈራርሱ አዳዲስ ሕንፃዎች ማለት ነው። ከወዳደቀ ብረት፣ ከበርሜልና ከመሰርሰሪያ ሙዚቃ ይሠራል፤ ሰውም ትኬት ቆርጦ ይገባል። እርሱን ስሰማ የገበያ ቀን ትዝ ይለኛል። በእኛ ገበያ ዳር ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ስሙ ግን ስድብ ነው። «ቀጥቃጭ» አማርኛ ለሥራ ያወጣው ስም መሆኑ ቀርቶ ለንቀት ዋለ። በሀዲያ፣ በከምባታና በጉራጌ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁና ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖቻችን «ፉጋ» በሚልና በመሰል ስሞች ተለይተው ኖረዋል፤ ቃሉን የምጠራው ስድብ መሆኑን እያወቅሁ ነው። አብሮ መብላት፣ መጋባት፣ መሬት መያዝ፣ አንድ መቃብር መጋራት ተከልክለው ኖሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ የሚነገረው በነጋሪት ነው። ስድቡ ግን ነጋሪቱን በዕድሜ በለጠው።

አንድን ድምፅ ሙዚቃ፣ ሌላውን ጩኸት የምንለው ጆሯችን ብቻ ወስኖ አይመስለኝም። ማረሻህን የሠራልህ ሰው መዶሻ ለአንተ ጩኸት ነው፤ በርሊን ሲመታ ጥበብ ነው። ሰዎቹን ቀድመን መድበናቸዋል፤ ድምፃቸው ተከትሏቸው ይሄዳል።

ደግሞ ጩኸት ጭራሹን የተከለከለበት ዘመን አለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ፣ ድንኳን እንዳይጥሉ ተከልክለው ነበር፤ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁም ነበሩ። የእድር ጡሩምባ ሳይነፋ የተቀበረ ልጅ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያሻኝም። ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ ሥራ ብባል፣ ምንም ማጉያ አልፈልግም ነበር። በሕግ የተዘጋ አፍ ድምፅ እንዴት እንደሚቀረጽ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ድምፁን ቀድሞ ያገኘም አለ። ፖላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ክሽሽቶፍ ፔንዴሬትስኪ እ.ኤ.አ. በ1960 ለ52 የክር መሣሪያዎች አንድ ሥራ ጻፈ። ክሮቹ ይጮኻሉ፤ አንድ ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይተማሉ። መጀመሪያ የሰጠው ስም የጊዜ ልክ ብቻ ነበር፤ ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ ሰባት ሰከንድ። ሲሰማው ግን ድምፁ ከበደው፤ ያን ጊዜ የሒሮሺማ ሰለባዎች ሙሾ ብሎ ሰየመው። ዛሬ ሰው ሁሉ ሲሰማው ቦምቡ ይታየዋል። ይህ ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም፤ ግን የጎንደርን ደጅ ያስታውሰኛል። ጩኸቱ ቀድሞ መጥቶ በደሉ ኋላ ተፈልጎለታል።

ከምባታ ውስጥ የሆነው ግን የዚህ ግልባጭ ነው። በብዙ አገር ሴት ልጅ ስትገረዝ ጩኸቷ እንዳይሰማ ሴቶች በእልልታና በዘፈን ይሸፍኑታል። እልልታ እንደ ክረምት ጯኺ ሲሠራ ማለት ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በዚህ አገር ተወልዳ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ ተገርዛ፣ ውኃ ልቅዳ ብላ እየወጣች በድብቅ ትምህርት ጀመረች። በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምራ ተመለሰች፤ ከእህቷ ከፍቅርተ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ» የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ የከምባታ ሴቶች ተባብረው ሲሠሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አረፈች። የመረጠችው መንገድ ጩኸት አልነበረም። ሽማግሌውን፣ ካህኑንና ፓስተሩን፣ ገራዧን፣ ወጣቱን ዛፍ ሥር አስቀምጦ ለወራት ማወያየት ነበር። ዩኒሴፍ ባስጠናው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1999 ግርዛቱን ይደግፉ የነበሩት የመንደሮቹ ሰዎች 97 ከመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ5 ከመቶ በታች ወረዱ። የኖይዝ ወዳጅ ሆኜ ይህን መናገር ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን በዚህ አካባቢ ትልቁን ግፍ ያናወጠው ረጅም ወሬ ነው። ያ ወሬ ያደረገው ነገር እልልታውን ገልጦ ከሥሩ ያለውን የልጅቷን ኡኡታ ማሰማት ነው። ሰዎቹ ሰሙ፤ ሰምተው ወጡ።

ሙዚቃው የትም ቢሠራ እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ማንን ከቤቱ ያስወጣል?

እናንተ ወጣቶች ስልካችሁ ውስጥ ስቱዲዮ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የጃፓንን ጩኸት አትቅዱ። ይህች ከተማ ውስጥ ሙሉ ቀን የሚጮኸው የሲሚንቶ ሚክሰር ነው፤ ከሚነሡት ፎቆች ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው። ያን ገንዘብ የሚልኩት ልጆች ደርባን ወይም ጆሃንስበርግ ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ቆመው ሸቀጥ ይሸጣሉ። ወደዚያ የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል ግዛት፣ ከአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጣ፤ በሕይወት የተገኙት 14 ናቸው። በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ አየር ሲያልቅ ግድግዳውን ከመደብደብ ሌላ ምን ቋንቋ አለ? ሚክሰሩን የምትቀርጽ ልጅ ያን ብረት አብራ ካልሰማች፣ የቀረጸችው የግንባታ ድምፅ ብቻ ነው።

እኔም አንድ ነገር ቀርጬ መጥቻለሁ። ስድስት ደቂቃ ነው፤ የአንድ ባለ እጅ መዶሻ፣ ሚክሰር፣ የእድር ጡሩምባ፣ በመጨረሻም ማይኩን ከስፒከሩ ጋር አፋጥጬ ያገኘሁት ፉጨት። ከ85 ዴሲቤል አይዘልም፣ ለክቼዋለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ እንግዶቻችን እዚሁ ከተማ ካለው የመካነ ኢየሱስ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሥራ ጋር የምትተዋወቁ ናችሁ፤ ወፍራም ድምፅ በእጅና በደረት እንደሚሰማ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። መስማት የተሳናት ስኮትላንዳዊት ከበሮ መቺ ኤቭሊን ግሌኒ ወለሉ እንዲነግራት በባዶ እግሯ ትጫወታለች። የምትፈልጉ ወደ ፊት ኑና መዳፋችሁን የስፒከሩ ሣጥን ላይ አሳርፉ። ሕፃን የያዛችሁ እናቶች ከስፒከሩ ራቅ በሉ። በሩ ክፍት ነው።

በል ልጄ፣ ክፈተው። ሲያፏጭ ደግሞ ሮጠህ አትቀንስ።